ሳተላይት በማይታይበት የቡና ጫካ ስልክ ያለንበትን እንዴት ያውቃል?

ሸኮ ወይም የኪ ወረዳ ውስጥ፣ ዋንዛና ብርብራ ከላይ በገጠሙበት የቡና ማሳ መሀል ቆማችሁ የስልካችሁን ካርታ ክፈቱ። ሰማያዊዋ ነጥብ ትመጣለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ዙሪያዋን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ክብ ይዛ ነው የምትመጣው። ክቡ አንዳንዴ ማሳውን ብቻ ይሸፍናል፣ አንዳንዴ ቀበሌውን ያካልላል፣ ሲብስም ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ቀበሌ ይገባል። ስልኩ በዚያ ክብ የሚነግራችሁ «ከዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ናችሁ» ብቻ ነው። ክቡ በጣም ሲሰፋ ስልኩ ሳተላይቶቹን አጥቷል፤ ያላችሁበትን ከአካባቢው የሬዲዮ ሞገድ እየገመተ ነው።

ይህ ግምት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና ለቦንጋ ገበሬ ዛሬ የገበያ ጉዳይ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ከተጨፈጨፈበት መሬት ያልመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ቢገፋም መሠረቱ አልተለወጠም፤ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ሙሉ ይመዘገባል፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። የኮኦርዲኔቱ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ሊኖረው ይገባል። የደቡብ ምዕራብ አብዛኛው ገበሬ ማሳው ትንሽ ስለሆነ የአንድ ዓመት ልፋቱ በአንዲት ነጥብ ይወከላል ማለት ነው። ነጥቧን የሚያነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልክ ነው፤ የሚያነሳውም ከጥላ ዛፍ ሥር ቆሞ።

በመጀመሪያ ሳተላይቱ ለምን ይጠፋል? የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ የሚያሰራጩትም በጥቂት አሥር ዋት ኃይል ነው። ያ ሞገድ ስልካችን ዘንድ ሲደርስ ከመሣሪያው ከራሱ የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ በታች ወርዷል፤ ስልኩ ለይቶ የሚያወጣው የሳተላይቱን የተለየ ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሞገዱ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የተሞላ ቅጠል በቀላሉ ያዳክመዋል። ዝናብ ባረፈበት የሸካ ደን ውስጥ ከላይ ያለው ቅጠል ሁሉ ውኃ ነው። የዛፍ ግንድና የገደል ግድግዳም ሞገዱን ነጥረው ይመልሱታል፤ የተመለሰው ሞገድ ረዘም ያለ መንገድ ስለተጓዘ ስልኩን ያሳስተዋል።

ሌላም ችግር አለ። ስልኩ ቦታውን ለማስላት እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ሳተላይቱ ይህን መረጃ ራሱ ይልከዋል፤ ግን በሰከንድ 50 ቢት ብቻ፣ በጣም በዝግታ ስለሆነ አንድ ዙር ለማድረስ 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ መሀል ቅጠል ጋርዶ ሞገዱ ከተቆራረጠ የጎደለውን ለመያዝ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ግድ ነው። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ስልኩ ይህንኑ መረጃ ከኢንተርኔት አውርዶ ጊዜውን ያሳጥራል። ብዙ ሰው «ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይሠራል፤ ይዘገያል እንጂ። ሳተላይቱን መስማት ሲም ካርድም ሆነ ብር አይጠይቅም።

ሳተላይቱ ካልተሰማ ስልኩ ወደ ምድር ይዞራል። አየሩ ባዶ አይደለም፤ የኢትዮ ቴሌኮም ማማ፣ የከተማ ዋይፋይ፣ የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ የአየር ማረፊያ መሪ ሬዲዮ ሁሉም ሌት ተቀን ያሰራጫሉ። አንዳቸውም ለእኛ ቦታ ሊነግሩን አልተተከሉም። ግን ከእያንዳንዱ ሞገድ ጋር አንድ መረጃ ሳይታሰብ አብሮ ይመጣል፤ የመጣበት አቅጣጫ፣ የወሰደበት ጊዜ፣ ወይም ቢያንስ የማን እንደሆነ። ማሰራጫው የት እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ተነሥቶ የራሱን ቦታ ማውጣት ይችላል።

ቀላሉ ማንነቱን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ የሞባይል ማማ፣ እንዲያውም በማማው ላይ ያለ እያንዳንዱ አንቴና፣ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩንም ያለማቋረጥ ይጠራል። ስልካችሁ ያንን ቁጥር ሰምቶ በኢንተርኔት ካለ ትልቅ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ ይህ ቁጥር የሚሰማው የት የት አካባቢ ነው? መዝገቡን ማን ሠራው ብትሉ፣ በአብዛኛው የሠሩት ሳተላይት የሚያዩ የሌሎች ሰዎች ስልኮች ናቸው። አንድ ሰው ሚዛን አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ጂፒኤሱ ሲሠራ፣ ስልኩ «እዚህ ነጥብ ላይ እነዚህን ማማዎችና እነዚህን ዋይፋዮች ሰማሁ» ብሎ ይመዘግባል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሳተላይት ባያይም እነዚያኑ ምልክቶች ከሰማ እዚያው አካባቢ መሆኑ ይታወቃል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ዘዴ ድንቅ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ በየፎቁ ዋይፋይ ስላለ ስህተቱ ወደ ጥቂት አሥር ሜትር ይወርዳል። ከቴፒ ወጥታችሁ ወደ ጫካው ስትገቡ ግን ዋይፋይ የለም፤ ማማው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው፤ መዝገቡን የሚያጠግብ የሰው ምልልስም አነስተኛ ነው። ስለዚህ መልሱ «ከዚህ ማማ ሽፋን ውስጥ ናችሁ» ከማለት አያልፍም። የገጠር ማማ ሽፋን ደግሞ ኪሎ ሜትሮችን ይዘረጋል። ሰፊው ሰማያዊ ክብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ጊዜ ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝም ይኸው ነው። መብረቅ ብልጭ ሲል ቆጥራችሁ ነጎድጓዱ ከ3 ሰከንድ በኋላ ከተሰማ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወድቋል፤ ድምፅ በታወቀ ፍጥነት ስለሚጓዝ የዘገየበት ጊዜ ርቀቱን ይነግራል። የሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ በሰከንድ ፈንታ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ሞገዱ 300 ሜትር ይሄዳል።

የሞባይል ኔትወርክ ይህን ቆጠራ ለራሱ ጉዳይ ድሮም ይሠራው ነበር። በ2ጂ ብዙ ስልኮች አንዱን ፍሪኩዌንሲ በተራ ይጠቀሙበታል፤ ለእያንዳንዱ የተፈቀደችው ጊዜ ከሰከንድ ሺኛ ታንሳለች። ራቅ ያለው ስልክ የላከው ዘግይቶ ሲደርስ የቀጣዩን ተራ ይነካል። ይህ እንዳይሆን ማማው መዘግየቱን ለክቶ ስልኩን «አንተ ሩቅ ስለሆንክ ይህን ያህል ቀድመህ ላክ» ይለዋል። ትእዛዙ በደረጃ ነው የሚሰጠው፤ አንዱ ደረጃ ወደ 550 ሜትር ርቀት ይወክላል፤ የመጨረሻው ደረጃ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። በ4ጂ አንዱ ደረጃ ወደ 78 ሜትር ወርዷል። ጥሪዎች እንዳይጋጩ የወጣው ቁጥር ሳይታሰብ የርቀት መለኪያ ሆነ።

እስቲ በ2ጂ እናስላው። ማማው ለስልካችሁ 10ኛውን ደረጃ ሰጠው እንበል። ከማማው ከ5.5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ባለው ቀለበት ላይ ናችሁ ማለት ነው። አብዛኛው ማማ ዙሪያውን በሦስት አንቴና ስለሚከፍል፣ የሰማችሁት አንቴና የትኛው እንደሆነ ከታወቀ ከቀለበቱ ሲሶው ብቻ ይቀራል። ያም ሆኖ የቀረው ቅስት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ስፋቱ ወደ 660 ሄክታር ይጠጋል። የአንድ ገበሬ የግማሽ ሄክታር ቡና እዚያ ውስጥ አለ፤ የብዙ መቶ ጎረቤቶቹም አብሮ።

ሁለተኛ ማማ ከተሰማ ሁለተኛ ቀለበት ይሠራል፤ ሁለቱ ቀለበቶች በሁለት ቦታ ይቆራረጣሉ። ሦስተኛው ማማ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ይለያል። በወረቀት ላይ ነገሩ እዚህ ያልቃል። በተግባር ግን የሰዓት ጣጣ አለ። ማማው ጠይቆ ስልኩ ሲመልስ የሚቆጥረው አንድ ሰዓት፣ የማማው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ችግር የለም። ስልኩ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ከሆነ ግን ሞገዱ መቼ እንደተነሣ ማወቅ አለበት፤ የስልክ ሰዓት ለዚህ ሥራ እጅግ ሻካራ ነው፤ አንዲት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብትስት 300 ሜትር ስህተት ነው። መፍትሔው የራስን ሰዓት መተው ነው። ስልኩ «ከሚዛን ማማ የመጣው ከአማን ማማ ከመጣው ስንት ዘገየ?» ብሎ ልዩነቱን ብቻ ይለካል። የስልኩ ሰዓት ስህተት ሁለቱም ላይ እኩል ስላለ በመቀናነስ ይጠፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው ሎራን የተባለው የመርከብና የአውሮፕላን መሪ የሬዲዮ ሥርዓት የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነበር፤ የዛሬው ጂፒኤስም የስልኩን ሰዓት ስህተት ለማውጣት ነው አራተኛ ሳተላይት የሚፈልገው።

ልዩነት መቁጠር የሚሠራው ማማዎቹ እርስ በርሳቸው ሰዓታቸው ሲገጥም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ማማዎች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት ራሳቸው ከጂፒኤስ ነው። ሳተላይቱ ለማማዎቹም ሲጠፋ እያንዳንዱ ማማ በራሱ ሰዓት ለጊዜው ይቆያል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በየፊናው ይዛነፋል። ስለዚህ «ሳተላይት ቢጠፋ በማማ እንተካዋለን» የሚል አገር መጀመሪያ ሰዓቱን ከሌላ ምንጭ ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው ዘዴ አቅጣጫ ነው፤ ይህን እዚያው ጠረጴዛችሁ ላይ መሞከር ትችላላችሁ። መካከለኛ ሞገድ የምትይዝ የድሮ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ፈልጉ። በውስጧ ጥቁር የፌራይት ዘንግ አለ፤ ብዙ ጊዜ በሬዲዮዋ ቁመት ልክ ተጋድሞ ይቀመጣል። አንድ ጣቢያ ያዙና ሬዲዮዋን ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመች ቀስ እያላችሁ አዙሯት። ድምፁ ይደምቃል፣ ይቀንሳል፣ በአንድ አቅጣጫ ጥፍት ሊል ይደርሳል። ያን ጊዜ የዘንጉ ጫፍ ወደ ማሰራጫው እያመለከተ ነው። ድምፁ ከሚደምቅበት ይልቅ የሚጠፋበትን መፈለግ የሚመረጠው ጠባብና ግልጽ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ጫፍ ያመለክታል፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ በአገሩ እውቀት ይለያል።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ በጌጃና በመቱ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ለሚዛን ተፈሪ ሰው አቀማመጣቸው የተመቸ ነበር፤ መቱ በቀጥታ ወደ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጌጃ ወደ ምሥራቅ ባጋደለ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ካርታ ላይ ከሁለቱም መስመር ቢሰመር ጥሩ አድርገው ይቆራረጣሉ። ግን ንባባችሁ በ5 ዲግሪ ቢስት የመቱ መስመር ሚዛን ላይ ሲደርስ 12 ኪሎ ሜትር ያዛንፋል፤ የጌጃው ርቀቱ ስለሚበልጥ ከዚያ እጥፍ በላይ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም አትሞክሩት፤ ማታ ሞገዱ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ አቅጣጫው ይዋዥቃል።

12 ኪሎ ሜትር ለቡና ማሳ ከንቱ ነው፤ ከደመና በላይ ላለ አብራሪ ግን ነፍስ አድን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በዲሲ-3 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ሥራ ሲጀምር አብራሪዎች የሚመሩት በኮምፓስ፣ በሰዓት፣ በዓይንና በእንዲህ ያለ ሬዲዮ ነበር። ደህና መንገድ ያልገባላቸው የደቡብ ምዕራብ ከተሞች ከመሀል አገር ጋር የተገናኙትም በትንንሽ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ነው፤ ቴፒና ሚዛን ተፈሪ እስከ ዛሬ የዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያ መለያ ኮድ አላቸው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መሣሪያ ዘንግ የማዞሩን ሥራ በራሱ ይሠራል፤ መርፌው ወደ ማሰራጫው ይዞራል። ማሰራጫው የግድ ለአቪዬሽን የተሠራ መሆን የለበትም። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበርን የደበደቡት የጃፓን አውሮፕላኖች መንገዳቸውን ያስተካከሉት ኬ ጂ ኤም ቢ የተባለው የሆኖሉሉ የንግድ ሬዲዮ የሚያሰማውን ሙዚቃ ተከትለው ነው። ለሕዝብ የተላለፈ ሙዚቃ ለማንም መሪ ይሆናል፤ ለወዳጅም ለጠላትም።

ከዚያ በኋላ ለአቪዬሽን ተብለው የተሠሩት ሁለት መሣሪያዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ቪ ኦ አር የተባለው ሁለት ምልክት ይልካል፤ አንዱ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው፤ ሌላው እንደ አቅጣጫው ይለያያል። አውሮፕላኑ ሁለቱን አነጻጽሮ ከጣቢያው በስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ ያውቃል። ዲ ኤም ኢ ደግሞ ርቀት ይሰጣል፤ አውሮፕላኑ ይጠይቃል፣ የምድሩ ጣቢያ በትክክል 50 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቆይቶ ይመልሳል፣ አውሮፕላኑ ያንን ቀንሶ የቀረውን ወደ ርቀት ይለውጣል። ጥያቄና መልስ ስለሆነ የሰዓት ጣጣ የለበትም።

ጂፒኤስ ከመጣ ወዲህ እነዚህን ጣቢያዎች «ያረጁ» እያሉ መንቀል በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነበር። እኔ ችኮላው ስህተት ነበር ባይ ነኝ። በኤፕሪል 2024 የፊንላንዱ ፊንኤር ወደ ታርቱ፣ ኢስቶኒያ የላካቸው ሁለት በረራዎች በጂፒኤስ መረበሽ ምክንያት ሳያርፉ ተመለሱ፤ ማረፊያው በሳተላይት ብቻ የሚመራ ነበርና። በረራው ለአንድ ወር ያህል ቆሞ፣ በሬዲዮ የሚመራ የማረፊያ መንገድ ከተዘጋጀ በኋላ ቀጠለ። በሜይ 2025 ደግሞ ኤም ኤስ ሲ አንቶኒያ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ጅዳ አጠገብ ቀይ ባሕር ላይ ጥልቀት በሌለው ቦታ ተቀረቀረች፤ የባሕር ጉዞ ተከታታዮች ምክንያቱ የጂፒኤስ ረብሻ ነው ብለዋል። ከቤበቃና ከቴፒ ተነሥቶ በጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ቡና የሚያልፈው በዚያው ባሕር ነው።

ለእኛ አካባቢ ተስፋ የማደርግበት የኤፍ ኤም ሞገድ ነው። የቦንጋው ኤፍ ኤም በ97.4 ሜጋኸርትዝ ሲያሰራጭ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ቅጠል እንደ 19 ሴንቲ ሜትሩ አያንገላታውም። ምንጩም ከ20,200 ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከቅርብ ተራራ ነው። ጉድለቱ የየጣቢያው ሰዓት አለመግጠሙ ነው። ይህን የሚፈታ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ቦታው በትክክል የሚታወቅ አንድ መቀበያ ተክሎ የጣቢያዎቹን የሰዓት ልዩነት ያለማቋረጥ እንዲመዘግብ ማድረግ። ጫካ ውስጥ ያለው ሰው የሰማውን ከዚያ መዝገብ ጋር ሲያነጻጽር ስህተቱ ይቀናነሳል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹ እንዲህ ያለ መቀበያ በሁለቱም ጣሪያ ላይ ተክለው ቢሞክሩት ለምርምርም ለገበሬም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሩቅ ሕልም አይደለም፤ በ2021 ዛክ ካሳስ የሚመሩት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን የስታርሊንክን ሳተላይቶች መልእክት ሳይፈቱ፣ የስድስቱን ሞገድ ብቻ አዳምጠው ቦታቸውን በ8 ሜትር ስህተት ውስጥ አግኝተዋል።

እስከዚያው ግን ማሳ የሚመዘግብ ሰው፣ የልማት ሠራተኛም ይሁን የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ፣ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። ስድስተኛው አሃዝ በመሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ረቂቅ ቁጥር ሲታይ እውነተኛ ይመስላል። ስልኩ ግን ቦታውን ከአንድ ማማ ሲገምትም ስድስቱን አሃዝ ሞልቶ ያሳያል፤ ቁጥሩ ብቻውን ከሳተላይት ይሁን ከማማ አይናገርም። በዚያ መንገድ የተመዘገበ ነጥብ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ተዛንፎ ጥብቅ ደን ውስጥ ወይም የሌላ ሰው ማሳ ላይ ቢያርፍ፣ ዛፍ ሳይቆርጥ ለዘመናት በጥላ ሥር ቡና የለቀመው ገበሬ ደን ጨፍጫፊ ተብሎ ይመዘገባል። አቤት የሚልበት ወረቀት እንኳ በእጁ አይኖርም።

ስለዚህ ወደ ማሳው ከመግባታችሁ በፊት ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ ቆማችሁ ስልኩን ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ የሳተላይቶቹን መረጃ አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ከዛፍ ሥርም ሲቆራረጥ ይታገሣል። ማሳው ውስጥ ቀዳዳ ያለበትን፣ ዛፍ የሳሳበትን ቦታ ምረጡ። የቦታ መመዝገቢያ መተግበሪያዎች የስህተቱን መጠን በሜትር ያሳያሉ፤ 5 ወይም 10 እስኪደርስ ጠብቁ፤ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ከሆነ የምታዩት የማማ ግምት ነውና አትመዝግቡት። በሌላ ሰዓት ተመልሳችሁ ድገሙት፤ ሳተላይቶቹ ቦታ ስለሚለዋወጡ ጠዋት ያልተያዘው ከሰዓት በኋላ ይያዛል። የመመዝገቢያ ቅጽ የሚያዘጋጁ ወገኖችም ከኮኦርዲኔቱ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ «ስህተቱ ስንት ሜትር ነበር?» የሚል።